ለአንድ ተመልካች የተነሣሁት ፎቶግራፍ

ባለቤቴ ለሦስተኛ ዲግሪው ወደ ሕንድ የሄደው በእኔ ተራ ነበር። ሁለታችንም አመልክተናል፤ የእኔ ውጤት ከእሱ ይበልጥ ነበር። ይሁን እንጂ የሁለታችንም ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «ወንዱ ይቅደም» አለ፤ እኔም ለሰላም ስል እሺ አልኩ። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። ለመውቀስ ብፈልግ ኖሮ ጽሑፌ ከዚህ በብዙ ይረዝም ነበር።

በሄደ በሁለተኛው ዓመት፣ እሑድ እሑድ ዲላ ወደሚገኘው ቤታችን ሲደውል የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ጣሪያው ማፍሰሱን ትቶ እንደሆነ፣ እናቱ ከደጋው ከቡሌ ወርደው እንደሆነ፣ ውሃ መጥቶ እንደሆነ። ለሦስቱም በትክክል እመልሳለሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሚስትነቴ ቀርቶ የቤት ጠባቂ ሆኜ እገኛለሁ። ይህ ሰው ሴት መሆኔን አሁንም ያስታውስ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ዘዴውን ያገኘሁት ከአንድ የውጭ አገር መጽሔት ነው። ሚስቶች በመኝታ ልብስ ተነሥተው፣ ፎቶግራፉን ለባላቸው ብቻ በስጦታ እንደሚሰጡ ይተርካል። የጋብቻችን ሰባተኛ ዓመት እየቀረበ ነበር፤ አንድ የማስተማር ሥራ ባልደረባችንም በወሩ መጨረሻ እሱ ወዳለበት ከተማ ሊሄድ ተዘጋጅቷል። ዲጂታል ካሜራ ዲላ ስለ ገባ ፊልም ለማሳጠብ አዋሳ መላክ፣ ማለትም ትከሻዬን ለማላውቃቸው ሰዎች ማስጎብኘት፣ ቀርቷል። የጎደለው ካሜራውን የሚይዝ እጅ ብቻ ነበር።

ባለቤታቸው ከገበያው በላይ ፎቶ ቤት ያላቸው፣ እሳቸው ደግሞ የሙሽራ ልብስ የሚያከራዩና ሙሽሮችን የሚያነሡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ይዘምራሉ። ጉዳዩን በምርምር ቋንቋ፣ ከዳራው እስከ ዓላማው ድረስ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተው፣ «በአጭሩ ባልዎ እንዲናፍቅዎት ነው፣ ቲቸር» አሉኝ።

ለፈተና የምዘጋጀውን ያህል ተዘጋጀሁ። የሞያሌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ባለ ቀጭን ማንገቻ፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የመኝታ ቀሚስ ገዛሁ። ሻጯ «ለሙሽራ ነው?» ብትለኝ፣ የሌለችኝን የእህት ልጅ ፈጠርኩ። ጠጉሬን በቢጉዲን ጠቅልዬ አደርኩ። በመስታወት ፊት አራት ዓይነት ፈገግታ ሞክሬ አራቱንም ጣልኳቸው፤ የተሻለው ፈተና ላይ የሚኮርጅ ተማሪ ስይዝ የማሳየው ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሴትዮዋ በባጃጅ መጡ። ለብርሃኑ ሲሉ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ገለጡት፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው የጓሮው እንሰት ብቻ ስለሆነ የሚያየን አልነበረም። ጋቢዬን ከትከሻዬ ሳወርድ፣ «እርስዎ» ማለታቸውም አብሮ ወረደ።

«ውይ ልጄ! ብርድ ይመታሻል እኮ። መስኮቱ ክፍት ነው እንዴ?»

«ዝግ ነው።»

«እንግዲያው በበሩ ሥር ይገባል።» ምንጣፉን ጠቅልለው በበሩ ሥር ወተፉ። ካሜራውን ያነሡት ከዚያ በኋላ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው እንዲህ ቀጥ አልሽ? ለመታወቂያ ነው?»

«ታዲያ እንዴት ልሁን?»

«ሰውዬውን እያሰብሽ ዘና በይ።»

አሰብኩት።

«ተይ፣ ተይ፣ አታስቢው! ጭራሽ ተቆጣሽ።»

እውነታቸውን ነው። እስከዚያ ቀን ካሜራ ፊት የቀረብኩት ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርትና ለምረቃ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ጆሮዎቼ መታየታቸውን እያረጋገጥኩ። ፊቴ ሌላ ሥራ አልለመደም። ሴትዮዋ ካሜራውን አውርደው አጠገቤ ተቀመጡ።

«የእኔው ባል» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዲላን ሰው ሲያነሣ ኖሮ፣ እኔን አንድ ቀን 'ነይ ላንሳሽ' ብሎኝ አያውቅም። ካሜራውን የነጠቅሁት በንዴት ነው።»

«ነጥቀውስ? ራስዎን አነሡ?»

«እጄ መች ይደርስና!»

እንዲህ የሳቅሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። እሳቸው ግን እየሳቁም ሥራቸውን አልዘነጉም፤ ብድግ ብለው አከታትለው አነሡኝ። ከሁሉ የተሻለችው ፎቶግራፍ ላይ ማንገቻው ከአንድ ትከሻዬ ወርዷል፤ ሳልፈታው የረሳሁት አንድ ቢጉዲንም ከጆሮዬ ኋላ ብቅ ብሏል። አልወደድኳትም። እሳቸው ግን «ይቺን ካልላክሽ ሌላውን አልሰጥሽም» አሉኝ።

ለባልደረባችን የታሸገውን ፖስታ ስሰጠው የምርምር ጽሑፍ ነው አልኩት። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነበረውና ፈጽሞ አልዋሸሁም።

በሦስተኛው እሑድ ስልኩ ጮኸ።

«ደረሰኝ» አለ ባለቤቴ።

«ምኑ?»

«ፖስታው። ብርድ አልመታሽም?»

ስልኩን ልዘጋው ምንም አልቀረኝም። ሁለት ዓመት በሰው አገር ተመራምሮ የደረሰበት ግኝት፣ ሴትዮዋ በአንድ ምንጣፍ የጨረሱት ነገር ሆኖ ተገኘ።

«ያነሣሽ ማን ነው?» አለ ቀጥሎ።

ጣሪያውን አልጠየቀም። እናቱንም፣ ውሃውንም አልጠየቀም። ድምፁ ሳንጋባ በፊት ከሌላ ሰው ጋር ሻይ ስጠጣ ያየኝ ዕለት የሰማሁት ድምፅ ነበር፤ የሞተ መስሎኝ ነበር።

«ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው» አልኩት።

«ወንድ ነው?»

«ሴት ናቸው» ማለት ሁለት ቃል ብቻ ነው። እሱ የወሰደብኝ ተራ ግን ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር።

«መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» አልኩት፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። «በሚመጣው እሑድ እነግርሃለሁ።»

ማክሰኞ ደወለ።