ጀልባ ጭነን ከደብረ ማርቆስ ወደ ጣና

ጀልባ የሚጠገነው ውሃ ዳር ነው ይላሉ። ስሕተት ነው። ውሃ ዳር ያለ ሰው ይቸኩላል፤ ስንጥቁን በጨርቅና በሬንጅ ወትፎ ያንኑ ዕለት ይቀዝፋል። ፋይበር ግላስ ግን እስኪደርቅ መታገሥ ይፈልጋል፤ ለትዕግሥት ደግሞ ሐይቅ የሌለበት ከተማ ይሻላል። ስለዚህ ባሕር ዳር ዓሣ በማስገር የሚተዳደረው የባለቤቴ ወንድም ይበልጣል፣ ያረጀች ጀልባውን ጥሎ ጥበቃ ሊቀጠር መሆኑን ሲነግረን፣ «ጀልባዋን ደብረ ማርቆስ ላካት» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን ላካት።

አምስት ወር ግቢዬ ውስጥ ከረመች። የጠገኗት ጋሽ ጥሩነህ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ቦዲ ሲሠሩ የኖሩ፣ ሐይቅ ግን በቴሌቪዥን ብቻ ያዩ ሰው። የተበላሸውን ቆርጠው ጣሉ፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፤ ፋይበሩን ሬዚን በሚሉት ፈሳሽ ሙጫ እየነከሩ ደራርበው ለጠፉ። ማሻሻያም አከልንባት፦ ሞተር የሚታሰርበትን ጀርባዋን አወፈርነው፤ ከመቀመጫው ሥር ክዳን ያለው የዓሣ ሳጥን ሠራን። ጎረቤቴ በአጥር እያየ «ኖኅ፣ መቼ ነው የሚዘንበው?» ሲል ከረመ።

ይበልጣል ለጥበቃው ሥራ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት ነበረበት። ሁዳዴ ሊገባ ደግሞ ሳምንት ቀርቶታል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ዓሣ ገበያ የሚደራው ያኔ ነው። ጀልባዋ ከሠራች ይቀጥላል፤ ካልሠራች የሰው በር ይጠብቃል። ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን።

12 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ስድስት ሰው ተሸክሞ አይሱዙ ላይ ጫናት። ጋሽ ጥሩነህ የክት ኮታቸውን ለብሰው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። «ቀስ በል» አሉት፤ «ሙሽራ ነው የያዝከው።»

1 ሰዓት ተኩል፣ ደምበጫ

ፍርፍር በልተን ስንወጣ ገበያተኛው መኪናውን ከብቦታል። ጌሾ የተሸከሙ አንዲት እናት ቀና ብለው አዩና፣

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጀልባ ነው እናቴ። ወደ ጣና እየወሰድናት ነው።»

«ታዲያ ከጣና ወዲህ ምን ልታደርግ መጣች?»

«ልትታከም።»

«እኛን ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ይልኩናል፤ ጀልባ ግን ወዲህ ይመጣል!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

5 ሰዓት፣ ከቡሬ ወደ እንጅባራ

ያልጠበቅነው ዝናብ ወረደብን። አቀበቱ ላይ መኪናው ማቃሰት ጀመረ። ሹፌሩ አቁሞ፣ ከላይ ወጥቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ጣናን ጭነን ነው ወደ ጣና የምንሄደው?» አለኝ። ጀልባዋ እስከ መቀመጫዋ ሞልታለች። እኔ ደነገጥኩ፤ ጋሽ ጥሩነህ ግን ፊታቸው በራ። «አየህ? አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም!» በተቆረጠ ጀሪካን ሦስታችንም ስንቀዳ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ስለ መርከብ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ያነበብኩት ሁሉ ጀሪካን አልሆነልኝም።

9 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

ይበልጣል ሐይቁ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ሰላምታውን ሳይጨርስ የጀልባዋን ጀርባ ከታች በኩል በጣቱ ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ።

«ቀዳዳዋስ?»

«የቱ ቀዳዳ?» አልኩ።

«አውራ ጣት የምታህለዋ፣ ከታች ያለችው።»

«እሷንማ ደፈንኳት!» አሉ ጋሽ ጥሩነህ ኮራ ብለው። «ብትፈልጋትም አታገኛት።»

ይበልጣል ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ሳቁ ሌሎቹን ዓሣ አስጋሪዎች ሰበሰበብን። ቀዳዳዋ ለካ ሆን ተብላ የተበሳች ናት፤ ጀልባዋ የብስ ላይ ስትሆን ውሃው እንዲወጣ ትከፈታለች፣ ሐይቅ ስትገባ በቡሽ ትዘጋለች። ቡሹን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የጠበቀን። እኔ ደግሞ ግቢዬ ውስጥ ቀዳዳዋን አይቼ «አለት የመታት ናት» ብዬ በሙሉ ልብ ያስረዳሁ ሰው ነኝ።

«የሠራሁትን እኔው ልብሳው?» አሉ ጋሽ ጥሩነህ።

«ከእርስዎ ሌላ ማን ደፍሮ ይነካዋል ጋሼ?» አለ ይበልጣል።

መሰርሰሪያ ተውሰን ጋሽ ጥሩነህ በሱት፤ ጠርዙን ሬዚን ቀቡት። አስጋሪዎቹ «ጨርቅ ወትፉበትና ግቡ!» እያሉ ጮኹ። ጋሽ ጥሩነህ ጀልባዋ ፊት ቆሙ። «እስክትደርቅ ማንም አይነካትም!» ማንም አልነካት።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ቡሹን ጋሽ ጥሩነህ ራሳቸው አጠበቁት። ጀልባዋ ተንሳፈፈች። ዋና የማይችሉት ሰውዬ ሁለቱን ጠርዞች ጨምድደው፣ ሐይቁን ሳይሆን ወለሉን እያዩ ተቀመጡ። መሐል ስንደርስ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱና «ደረቅ ነው!» ብለው ጮኹ። ይበልጣል ሞተሩን አጠፋ፤ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ለጥበቃው ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ።

ሰኞ ማታ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ አምስት ወር ሙሉ ጀልባዋን ለሚያውቃት ሰው አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ አለመደወሌ ስሕተት እንደነበር ነው። ግቢዬ ውስጥ ሣሩ በጀልባ ቅርጽ ነጥቷል፤ ጋሽ ጥሩነህም በየጠዋቱ እየመጡ ያዩታል። ስለዚህ የተሰበረ ጀልባ ያላችሁ አምጡልን። የትኛው ቀዳዳ መደፈን እንደሌለበት ግን አስቀድማችሁ ንገሩን።