ወደ መጽሐፉ የገባው ውሃ

ፊደል ቆጠርኩ እንጂ ብዙም አልገፋሁበትም። ቢሆንም የሄድኩትን መንገድ እንደሆነው እጽፋለሁ።

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት በሐምሌ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። ጉዳዬ አንድ ነው፤ ለደብራችን የተጻፈውን ተአምረ ማርያም ከአንኮበር ሳይረጥብ ማምጣት። ዓምና ያመጣሁት መጽሐፍ ውሃ ገብቶበት ቀለሙ ፈሰሰ። የሟች ሚስቴ ክርስትና ስም፣ ወለተ ማርያም ተብሎ በቀይ ተጽፎበት ነበር፤ ላሟን ለብራናው የሰጠችው ስለዚህ ነው። ጸሐፊው አዝኖ ደግሞ ጻፈልን። ሦስተኛ ግን የለም ብሏል።

አብሮኝ የመጣው ጎረቤቴ ቄስ አያሌው ነው። መጽሐፍ ያለ ካህን አይመጣም ብለው የደብሩ ሰዎች ላኩት። ሁለት ቀን በገብሱ ማሳ መሃል ጭቃ አቦካን፤ ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጉሙ የበቅሎዬን ጆሮ እንኳ ሸፈነብኝ። በሶ በጥብጠን ጠጥተን አንኮበር ወረድን።

ጸሐፊው ያስረከበንን መጽሐፍ ከነቆዳ ማኅደሩ በበሬ ቁርበት ጠቀለልኩት። ዓምና ውሃው የተጠራቀመው ታች ጥጉ ላይ ስለነበር፣ ጥጉን በጅማት ደግሜ ሰፍቼ ሞራ ቀብቼዋለሁ። የማኅደሩን ማንገቻ እንደ ዓምናው በቁርበቱ አናት ቀዳዳ አውጥቼ ኮርቻው ላይ አንጠለጠልኩ። መጽሐፍ እንደ እህል በጭነት ገመድ አይታሰርማ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤላ ሳንደርስ ዝናቡ ያዘን። አንዲት ባልቴት፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ቤቷ አስገባችን። ቁርበቱን ብፈታው ታች ጥጉ ርሷል። ማኅደሩ ከግርጌው ረጥቧል፤ ብራናው ገና ነው። ቄስ አያሌው ሌላ ቁርበት እንግዛ አለ። እኔ የሚገባበትን ሳላይ ከዚህ አልነቃነቅም አልኩ።

መጽሐፉን ከፍ አድርገን አስቀመጥን። በምትኩ ጭድ አስሬ ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩ፤ ቁርበቱን ከውስጥ አመድ ነስንሼበት መልሼ ጠቀለልኩት። ወይዘሮ አስካለን በቅል ውሃ እንድታፈስልኝ ብለምናት ወጣች።

«ዝናቡ አልበቃህ ብሎ ነው፣ ሽማግሌው?» አለችና አፈሰሰች።

ስፌቱ ላይ አፈሰሰች፤ አመዱ ደረቅ ነው። አፉ ላይ አፈሰሰች፤ አሁንም ደረቅ። እንግዲህ በበቅሎዋ ላይ እንደነበረው በማንገቻው ሰቅዬ፣ ከማንገቻው ላይ አፍስሺ አልኳት። ስንፈታው አመዱ ላይ ጣት የሚያህል ጥቁር መንገድ ከአናቱ ቀዳዳ ተነስቶ እስከ ታች ጥጉ ወርዷል። ያን ቀዳዳ የቀደድኩት በገዛ እጄ ነው። ዓምና ግን የረገምኩት ቁርበት ፋቂውን ነበር።

አናቱን ደፍኜ ወስፌዬን ከሥር ስሰድ ቄሱ እጄን ያዘ።

«አያ በላቸው፣ ከሥሩ የተቀደደ ዕቃ ውሃ ሲከላከል አይተሃል?»

«አንቱ፣ ውሃ ሽቅብ ሲወጣ አይተዋል?» አልኩት።

ለቀቀኝ። ማንገቻው ከሥር ወጥቶ በውጭ በኩል ወደ ኮርቻው እንዲወጣ አደረግሁ። ወይዘሮ አስካለ አንድ እንስራ ሙሉ ጨረሰችበት። ውሃው ማንገቻውን ይዞ ወርዶ ከሥር መሬት ላይ ተንጠባጠበ። አመዱ እንደነበረ ነጭ ነው። የአሞሌ ጨው ስባሪ ብሰጣት፣ «ከፍዬ የማላገኘውን ሳቅ አሳቃችሁኝ፣ ምን ክፍያ አለው?» ብላ መለሰችልኝ።

ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን ዝናቡ አልተለየንም፤ እኔም ጥቅሉን ለማየት አንዴም አልፈታሁም። ከቤቴ በፊት ቁርበት ፋቂው ደጅ ቆሜ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ ነገርኩት። ውሃ የታየበት ሁሉ የገባበት አይደለም፤ ይህን ለማወቅ አንድ መጽሐፍ ፈጅቶብኛል።

በነሐሴ አንድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አያሌው ጠራኝ፤ ስሟ ያለበትን ገጽ ገልጦ አሳየኝ። ጣቴን ሳላስነካ በላዩ አስኬድኩ። ወ። ለ። ተ። ቀዩ ቀለም ከፊደሉ ጠርዝ አልወጣም። እስከ ማርያም ድረስ ብቻዬን አነበብኩት።