የፍልሰታ ኩኪስ

ጥርጣሬ በቤታችን የሚወረስ ነገር ነው። እናቴ ወተት የምታመጣላትን ሴት ፊት ለፊት አቁማ፣ ውሃ አለመግባቱን ሳትቀምስ ተቀብላ አታውቅም። እኔም እስከ ዛሬ በርበሬ ሲመዘንልኝ ዓይኔ ከሚዛኑ አይነሳም። እንግዲህ ታላቅ ወንድሜ በዘጠናዎቹ አጋማሽ አንድ ምሽት፣ ቤተሰቦቿ ከደቡብ የመጡ ጴንጤ ልጅ ላገባ ነው ሲለን፣ እናቴ የጠየቀችው ስለ ልጅቷ መልክም ሆነ ስለ ሥራዋ አልነበረም።

«ትጾማለች?»

«አትጾምም። የሌላውን ጾም ግን ታከብራለች» አለ ወንድሜ።

«እናያለን» አለች።

አባታችን ስላረፈ፣ ያለ እሷ ቃል ሽማግሌ ወደ ልጅቷ ቤት ንቅንቅ እንደማይል ሁላችንም እናውቃለን።

ፍልሰታ ገባ። ሰፈራችን ለቡ ያኔ በክረምት ጭቃ ብቻ ነበር። ልጅቷ በወንድሜ እጅ አንድ ሰሃን ኩኪስ ላከች፤ የጾም ነው፣ ለእማማ ነው ብላ። ጨርቁ ሳይገለጥ የቀረፋው ሽታ ቤቱን ሞላው። ከላዩ ላይ ቡናማ ፍርፋሪ ተበትኖበታል። እናቴ አንዱን አንስታ ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ ቢጫ ነው፤ በጣት ጫን ሲሉት ደግሞ ይሰረጉዳል።

«ይኼ ዕንቁላል ነው» አለች። «ጾሜን ልታስፈታኝ ነው የላከችው።»

እኔም ወዲያው አመንኩ። ያለ ዕንቁላል ኩኪስ ጋግሬ አውቃለሁ፤ ጥርስ የሚሰብር ነገር ነው የወጣልኝ። «እውነቷን ነው፣ እንዲህማ አይለሰልስም» ስል ወንድሜ ገላመጠኝ።

ኩኪሱን ማንም አልነካውም። በማግስቱ እናቴ ሰሃኑን አጥባ ለወንድሜ ሰጠችው። በእኛ ሰፈር የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢጠፋ አንድ ሎሚ ጣል ይደረግበታል።

«እማዬ፣ ባዶውን?»

«ባዶውን።»

ሽማግሌ መላኩ እንደቀረ ወንድሜ ያኔ ገባው። ራት ሳይበላ ተኛ።

ጥቂት ቀን ሰንብቶ ከልጅቷ መልእክት ይዞ መጣ፤ እዚሁ እርስዎ ፊት ልጋግር ትላለች አለ። እናቴ ዓይኗ በራ። በዓይኗ ከማየት የበለጠ የምትወደው ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ እናቴ ሀና ማርያም አስቀድሳ እንደተመለሰች፣ ልጅቷ ከሰፈሯ ከፉሪ ድረስ በእግሯ ያንን ሁሉ ጭቃ ረግጣ ደረሰች። «ልያዝልሽ» ብዬ ዘንቢሏን ተቀበልኳትና ማድቤት እስክንገባ ድረስ ደባበስኩት። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ባዶውን የተመለሰላት ሰሃን። ከሥር ግን በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ታዪዋለሽ» ብላ ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አልወደድኩላትም።

እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ከሰሉ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ጋዜጣውን ስትገልጠው ቁራጭ ዱባ ነው። ቀቀለችው፣ ውሃውን አጠለለች፣ በሹካ ደቀቅ አድርጋ ከዘይትና ከስኳር ጋር መታችው። ዱቄቱን፣ ቀረፋውን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን ጨመረች። እኔ የሹራቧን እጅጌ ሳይቀር አይቻለሁ። ለፍርፋሪው ዱቄትና ስኳር በጥቂት ዘይት በጣቶቿ ጫፍ እያሸች ከላይ በተነችበት። ኦቨን ስለሌለን በብረት ድስት አድርጋ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ሰጠችው።

እናቴ ሳህን ውስጥ የቀረውን ቢጫ ሊጥ ትክ ብላ አየችው። «ዱባ» አለች፣ ለራሷ ያህል።

ሲደርስ አንድ በላች። ሌላም ደገመች። ጣፈጠኝ አላለችም። ተነሥታ የልጅቷን ሰሃን ይዛ ጓዳ ገባችና ቆሎ ሞልታበት ተመለሰች። በሩን ተደግፎ የቆመው ወንድሜ በረጅሙ ተነፈሰ።

ልጅቷ ግን እጇን አልዘረጋችም። ቆሎውን አየች፤ ፊቷ ቀላ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ይኼ የዝክር ነው?»

ወሩ የማርያም ነው፤ በየቤቱ ዝክር አለ። ጴንጤዎች ለጻድቅና ለመልአክ የተዘከረ ነገር እንደማይቀምሱ አውቃለሁ። ይህንን እናቴን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። አለቀላቸው አልኩ በሆዴ።

እናቴ ልጅቷን አየቻት። ከዚያ ከሰሃኑ አንድ እፍኝ ዘግና ቆረጠመች።

«ገብስና ሽንብራ ነው። ትናንት እኔው ነኝ የቆላሁት። ለማንም አልተዘከረም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ልጅቷም ዘገነች። ልጅቷ እስክትውጥ ድረስ እናቴ ዓይኗን ከላይዋ አልነቀለችም።

ወንድሜ ሊሸኛት ሲወጣ እናቴ ፍሙን እየሰበሰበች መሳቅ ጀመረች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

«ጠረጠረችኝ እኮ! እኔን! በገዛ ማድቤቴ!» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ይቺስ ቤቷን የምትጠብቅ ናት። ወንድምሽ ሲመለስ ንገሪው፣ ጾሙ ሲፈታ ሽማግሌዎቹ ይሂዱ።»