የቤላርሚኖ ግማሽ ዘፈን

«ከዳገቱ ሲያዩት ባሕሩ ለጥ ብሎ፣
ልቤን ወሰደብኝ በማዕበል አዝሎ…»

ቤላርሚኖ የክብሪት ቀፎውን በጣቱ እየመታ እዚህ ድረስ ያንጎራጉርና ዝም ይላል። የቀረው ግማሽ ከልጁ ከቫልዴሚሮ ዘንድ ነው።

ዘፈኑን በጥር አባት ጀመረው፣ ልጅ ጨረሰው። በእኛ የሪዮ ዳገት ሰፈር ዜማ በወረቀት አይሰፍርም፤ በሰው አፍ ነው የሚኖረው። ቫልዴሚሮ የመርከብ እሳት ቆስቋሽ ነበርና በሐምሌ ወደ ሰሜን ሲነሳ የራሱን ግማሽ አንዴ ብቻ አሰማን። አባቱ «እስቲ ድገምልኝ» ቢለው፣ «ስመለስ! አሁን ከሰጠሁህማ ብቻህን ትዘፍነዋለህ» ብሎ እየሳቀ ደረጃውን ወረደ።

በነሐሴ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ እሱ ያለባትን መርከብ መታት። ብራዚል ጦርነት ገባች፤ የሪዮ ባሕር ዳር በመብራት ክልከላ ጨለመ። ከወደብ «ከተረፉት መካከል የለም» የሚል ቃል መጣ። እናቱ አልዚራ፣ የቤላርሚኖ ሚስት፣ ጥቁር ለበሰች።

«አውልቂው! አልተገኘም ማለት ሞተ ማለት ነው እንዴ?» አላት ባሏ።

«አንተ ጠብቀው። እኔ ግን ላልቅስበት።»

ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ባዳ ኖሩ።

ታኅሣሥ ሲገባ የሳምባ ጭፈራ ማኅበራችን ለካርኒቫል በዓል አደባባይ የሚወጣበትን ዘፈን መምረጥ ነበረበት። ተቀባዮቹ ሴቶች ያላነሱት ዘፈን ደግሞ እኛ ዘንድ የሞተ ነው። አለቃቸው ዶና ጆቪና ቫልዴሚሮን ክርስትና ያነሳች ናት።

«አበልጄ፣ ግማሽ ዘፈን ይዤ አደባባይ አልወጣም። ወይ ሙላው፣ ወይ ሌላ ሰው ይሙላው።»

«ባለቤቱ ሲመጣ ይሞላዋል።»

«ካርኒቫል ማንን ይጠብቃል? ደግሞ አትጩህብኝ፤ የእኔም ልጅ ነው!»

እሑድ ከሰዓት ከበሮዎቹ እሳት ዳር ሞቀው ተወጠሩ። ሴቶቹ የመጀመሪያውን ግማሽ ዘፈኑ። እዚያ ሲያቆሙ የሰፈሩ ቀልደኛ ቲያኦ ዘሎ ገባና በጎደለው ግማሽ ቦታ ስለ መድፍና ስለ ባንዲራ ያምባርቅ ጀመር።

«ዝም በል! በልጄ ቦታ መድፍ አትትከልብኝ!» ብሎ ቤላርሚኖ ጮኸበት።

«ታዲያ አንተ ምን ተከልክበት? ጉድጓዱን ክፍት ትተኸው እኛ እንሰበርበት?»

ከበሮው ቆመ። ቤላርሚኖ ከሞላው ልጁን በገዛ አፉ መቅበሩ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከሰው ኋላ የቆመችውን አልዚራን አያት። ከዚያ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጭብጨባ አወጣው፤

«ይመልሰው ብዬ ለባሕር አምኜ፣
ከደጁ ቀረሁኝ ልጄን ለምኜ።»

ጆቪና ዓይኗን ጨፈነች። አንዲትም ሴት አልተቀበለችም። ድንገት ከኋላ አንድ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የሻከረ፣ ስንኙን አነሳው። አልዚራ ነበረች፤ በዕድሜዋ ከተቀባዮች ተርታ ቆማ አታውቅም። ጆቪና ተከተለቻት፤ ከዚያ ሁሉም። ዳገቱ በሙሉ ለቫልዴሚሮ አለቀሰ።

ቤት ሲገቡ አልዚራ ጥቁር ቦሎቄና ሩዝ አወጣች፤ የካሳቫ ዱቄት ነሰነሰችበት።

«ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስክም። ቀዝቅዟል፣ ላሙቀው?»

«ተይው። ነይ፣ አብረን እንብላ።»

ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።