ባዶ የቀረው ሰሌን

የሚቀቀል አተር ሽታ እስከ ዛሬ ያጥወለውለኛል። ባለፈው እሑድ ልጄን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል ሽማግሌዎች መጥተው፣ ታላቅ እኅቴ ጥሩዬ ንፍሮ ጥዳ ነበርና፣ እንፋሎቱ ከጓዳ ሲደርሰኝ ልጅ ሳለሁ ሰሌናችን ላይ ተቀምጦ አተር ይቆጥር የነበረው ሰውዬ ፊቴ ድቅን አለ።

በሠፈሩ «ቆጣሪው» ይባላል። ሊጋቡ የታሰቡትን ሰዎች ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር በፊደል ዋጋ ይደምርና በድምሩ ልክ አተር ዘርግቶ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያነሣ ይጥላል፤ በመጨረሻ ሰሌኑ ላይ ከሚቀረው ፍሬ የጎጆውን ዕድል ይናገራል። ሱረት ስለሚስብ አፍንጫው አያባራም፤ አውራ ጣቱን እየላሰ ያነሣል፣ የሚንጠባጠበውም እዚያው አተሩ ላይ ነው። የጥሩዬና ኩልመስክ ከሚባል አገር የሆነው እጮኛዋ ድምር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ መጣ። ከረፋድ እስከ ማምሻ ቆጠረ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከደጅ ሆና፣ «ይሄ ሁሉ አተር ለሰርጉ ቢቀቀል አገር ይጠግብ ነበር!» ብላ አሳቀችን።

ሰሌኑ ባዶ ቀረ።

«እስቲ በሰባት ይሞክሩልኝ፣ አያ» አለ አባቴ። በሰባትም ባዶ። በዘጠኝም ባዶ። «ባዶ ጎጆ ነው» ብሎ ቆጣሪው እጁን በጋቢው ጠረገ። ጥርሱን ሳያይ በሬ የማይገዛው አባቴ በዚያው ቃል የልጁን ጋብቻ አፈረሰ። አተሩን እናቴ አጥባ ቀቀለችው፤ ሁሉም በላ። እኔ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ።

ከጎለመስኩ በኋላ፣ ያለ አስተማሪ ከአሮጌ የሒሳብ መጽሐፍ ማካፈል ስማር፣ መጀመሪያ የፈተንኩት ያንን ቁጥር ነው። በሁለት፣ በሦስት እያልኩ እስከ አሥር አካፈልኩት፤ በአንዱም ቀሪ የለውም። ስምንትን በዘጠኝ፣ የመጣውን በአምስት፣ ያንንም በሰባት ብታባዛ እሱው ነው፤ ከአንድ እስከ አሥር ላሉት ሁሉ ሳያጎድል የሚዳረስ፣ ከሱ የሚያንስ ቁጥር የለም። እንግዳ የማይከፋበት ቤት ማለት ነው። እኅቴ ግን በሱ ሰበብ ጠጉሯ እስኪሸብት ጥጥ ስትፈትል ኖረች። ከሰውዬው ንፍጥ ይልቅ የሚያቅለሸልሸኝ ስንፍናችን ነው፤ በአንዲት ልጅ ዕድሜ ላይ ሲፈረድ፣ ፍርዱን መርምሮ ያየ አንድ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም።

እሑድ ዕለትም አንዱ ሽማግሌ ንፍሮውን እየዘገነ ስልኩን አወጣና፣ «የልጅቷ እናት ስመ ክርስትና ማን ይባላል?» አለኝ። አሁን በስልክ ይደምሩታል። «ልጄን የሚፈልግ ራሷን ይጠይቅ፤ ለቆጠራ ስም አልሰጥም» አልኩት። ተነሥተው ሄዱ። ልጄ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ እኔም ከአባቴ ተሽዬ እንደሆነ እንጃ።

ጥሩዬ የተረፈውን ንፍሮ ሰፌድ ላይ እየገለበጠች፣ «ልጁ ከወደዳት ብቻውን ይመጣል» አለች።

«ካልመጣስ፣ እታለም?»

«የኔው አልመጣም» አለች ቀና ሳትል። «እኔ ግን ስንት ክረምት በሩን ሳልቀረቅር አድሬያለሁ።»