የእትዬ ዕንቁ ወንበር

ጋሽ ለይኩን ሦስት ጊዜ ካልተለመኑ አይጎርሱም። በስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠሩ፣ ይህን ጠባያቸውን የማያውቅ አስተናጋጅ አልነበረም። «ይብሉ» ሲሏቸው «ኧረ ጠግቤያለሁ»፤ ሲደግሟቸው «ግድ የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ»፤ «በሞቴ» ሲባሉ ብቻ ተነሥተው እጃቸውን ይታጠባሉ። ልጆቹ ይስቁባቸዋል እንጂ ሳይለምኗቸው ቀርተው አያውቁም። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ከእምቢታ አይቆጠርም፤ ጨዋነት ነው።

ቤታቸው ዌስት አዳምስ የሚባል ሰፈር፣ የጎርፍ ቦዩ አጠገብ ነው። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸውን እትዬ ዕንቁን ስኳር ሕመም ዓይናቸውን ከነሳቸው አራት ዓመት ሆኗል። ስንቱን አዛውንት በእጃቸው ሲደግፉ የኖሩ ሴት፣ ቸርችም ክሊኒክም በሰው እጅ የሚሄዱ ሆኑ። ብቻቸውን የሚደርሱበት አንድ ቦታ ቢኖር ከቦዩ ዳር ያለው ፓርክ ነው። ከበራቸው የቦዩን ግንብ በእጃቸው እየዳሰሱ ይወርዳሉ፣ ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ መንገዱን ያውቁታል፣ ከዘራቸው የሚቀመጡበትን ወንበር የብረት እግር ሲመታ ደረሱ ማለት ነው። አፓርታማው ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጮክ ብለው ከጸለዩ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። እዚያ ግን ቦዩ ብቻ ነው የሚሰማቸው፤ እንዳሻቸው ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ።

በ2016 የፀደይ ወራት የፓርኩ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ሰው ግቢ እየገባ ስላስቸገረ፣ የፓርኩ የታችኛው ክፍል ተቆፍሮ ጎርፍ ማቆሪያ ሊሆን ነው፤ ነዋሪው ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሐሳብ ይስጥ ይላል። ሥራው ክፋት የለበትም። ወንበሩ ግን የሚቆፈረው ቦታ ላይ ነበር። ጋሽ ለይኩን ቁፋሮው ይቅር ሊሉ አልፈለጉም፤ ወንበሩን ከፍ አድርገው እዚያው ግንቡ ጥግ እንዲተክሉት ብቻ ነበር የሚለምኑት።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» አሏቸው እትዬ ዕንቁ፣ ክራቫታቸውን በዳበሳ እያስተካከሉላቸው። «ሂድና ንገራቸው።»

የሚናገሯትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠኗት ሰንብተዋል። የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ። ለማስተርጎም የመጣችው ሮሐ የምትባል እዚሁ ያደገች ልጅ ነበረች፤ ደግ ልጅ ናት፣ ውሃ ሁሉ አምጥታላቸዋለች። አንዷ ስለ ውሻ መፈንጫ ተናገረች፤ አንዱ ስለ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ጀምሮ አልጨርስ አለ። በመጨረሻ ስብሰባውን የምትመራው ሴትዮ ወደ እሳቸው አየች። ሮሐም ዘወር ብላ «ጋሼ፣ ኮመንት ማድረግ ትፈልጋለህ?» አለቻቸው።

ጋሽ ለይኩን ከወንበራቸው ብድግ አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ኧረ ግድ የለም፣ ሌሎቹ ይናገሩ።»

ዓረፍተ ነገሯ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበረች። ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠብቁ ነበር። ሮሐ ያሉትን አንድም ሳታጎድል ተረጎመች፤ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አመሰገነቻቸው፣ አንድ ነገር ጻፈችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ማን ይወቀሳል? እሳቸው የአዳራሹ ወንበሮች እስኪታጠፉ ድረስ ጠበቁ። በር ላይ ሮሐ «ኦኬ ነህ ጋሼ? ቤት ድረስ ራይድ ልስጥህ?» ስትላቸው እንኳ «ግድ የለም» አሉ። እሷም ቻው ብላ ሄደች።

ቤት ሲገቡ እትዬ ዕንቁ በሩ ሥር ቆመው ነበር። «ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ጻፉት።»

መጻፉንስ ጽፈዋል። እትዬ ዕንቁ ደስ ብሏቸው መዝሙር ጀመሩ፤ ጋሽ ለይኩን ጫማቸውን ማውለቅ አቃታቸው። ሐሳብ በጽሑፍ ለማስገባት ገና ሠላሳ ቀን ነበር። ነገር ግን ቅጹን በእንግሊዝኛ የሚሞላላቸው ሰው ያስፈልጋል፣ ለዚያ ሰው ደግሞ «አልተናገርኩም» ማለት ሊኖርባቸው ነው። ከቸርች ሰው አንዱን ይዘው ሊነግሩት በየእሑዱ ያስባሉ፤ በየእሑዱ አፍረው ይመለሳሉ። ሠላሳው ቀን እንዲሁ አለቀ።

በኅዳር ቁፋሮው ተጀመረ። ጋሽ ለይኩን ይህንንም ለሚስታቸው ሳይነግሯቸው፣ አንድ ማለዳ እሳቸው ሻወር ቤት እያሉ እትዬ ዕንቁ ወጡ። ፀጉራቸው እንደረጠበ ሮጠው ሲደርሱ፣ ሚስታቸው በአንድ እጃቸው የሽቦ አጥሩን ይዘው በሌላው ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረጉ የብረቱን እግር ይፈልጋሉ።

«ወንበሩ የለም እንዴ?»

«አንሥተውታል፣ ዕንቁዬ።»

እትዬ ዕንቁ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ በዳበሳ የባላቸውን ትከሻ አገኙትና መታ መታ አደረጉት። «ይሁን። አንተ ነግረሃቸዋል። ሰምተው እምቢ ካሉ ምን ታደርግ፣ አትዘን።»

ጋሽ ለይኩን አፋቸውን ከፈቱ። «እውነት ነግረሃቸው ነበር?» ብለው ሚስታቸው አንዴ ቢደግሙላቸው ሁሉንም በተናዘዙ። እትዬ ዕንቁ ግን የባላቸውን ቃል አንዴ ሰምተው ያመኑ ሴት ናቸው፤ አልደገሙም።

«በል ምራኝ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ብቻቸውን ወጥተው አያውቁም። ጸሎታቸውንም ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያደርሱት።