«እግረኛ» ለሚለው ቃል እስከ ሐሙሲት

ንጋት፣ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር

ጎሕ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ለአባቴ ሙት ዓመት የመቃብር ድንጋይ እናስቀርጻለን፤ ይበልጣል የሚባለው ወንድሜ ግን አንዲት ቃል ላይ ተገትሮ ቀረ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በእግረኛ ጦር ነው። «እግረኛ ወታደር» ይባል አልሁ።

«ምን ብሎ እግረኛ? ታክሲ ያጣ ሰው ይመስላል! ‹ጀግና› ይባል፣ በቃ።»

ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። አንገፈገፈኝ። ከአባቴ ጋር የዘመቱትን ጋሼ ምንይችልን ልጠይቅ ወደ ሐሙሲት ተነሣሁ።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

የሚኒባሱ ሹፌር «ሞልቷል፣ ግቡ!» ይላል፤ ከኋላዬ ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው። እንደ ምንም ተነሥተን ኬላ ስንደርስ ደግሞ ውረዱ ተባልን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወታደሩ «እግረኛ በዚህ በኩል!» እያለ ይጮኻል። ቃሏ እዚህም ተከትላኛለች!

ጨርቅ ይዘው ወደ ወረታ የሚመለሱ እናት «አላህ ሰብሩን ይስጠን» አሉኝ። እኔስ ትዕግሥቴ አልቋል።

ቀትር፣ ሐሙሲት

ጋሼ ምንይችልን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። ከውትድርና በፊት የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ብርጭቆውን ቋ አድርገው አስቀመጡት።

«እግረኛ ከእግር ነው፤ ምኑ ያሳፍራል? ግእዙም ከዚያው ከእግር አውጥቶ ‹አጋር› ይለዋል።»

«አጋርማ ረዳት ማለት አይደል?»

«ዛሬ ነው እንጂ ዱሮ እግረኛ ወታደር ነበር። አብሮ የሚሄድ መቼም ይረዳል፤ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።» አንድ እግራቸውን ዳበስ አደረጉ። «የቆሰልሁ ጊዜ መኪናው ጥሎኝ ሄደ። አዝሎ ያወጣኝ አባትሽ ነው። ‹ተወኝ› ስለው ‹ዝም በል፣ ከበድህ እንጂ አልሞትህም!› ይለኝ ነበር።»

አባቴ ይህን አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። አሁን ደግሞ በእሱ ተናደድሁ፤ እንባዬም መጣ።

ጋሼ ከዘራቸውን አነሡ። «ነይ፣ ለወንድምሽ እኔው ልንገረው።»

አመሻሽ፣ ባሕር ዳር

ስንመለስ ኬላው ላይ ጋሼ «እርስዎ መኪናው ውስጥ ይቀመጡ» ቢባሉም እምቢ ብለው፣ ትከሻዬን ይዘው እያነከሱ አለፉ።

ይበልጣል ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማ። ውኃ አሙቆ መጣና ከፊታቸው በርከክ አለ።

«ተው ልጄ፣ አቧራ ነው» አሉት።

«ይስጡኝ እግርዎን፣ ጋሼ» አለ፤ የታመመውን አስቀድሞ ያጥብ ጀመር።